ለማን ይድረስ? የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎችን በኢሜይል ማደራጀት

እ.ኤ.አ. በ1995 መጀመሪያ ላይ በድረ ገጽ ሥራ የተሰማሩ ጥቂት ባለሙያዎች አንድ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ድረ ገጾቻቸውን ለሕዝብ የሚያቀርቡበት ፕሮግራም የተሠራው አሜሪካ ውስጥ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል ነው። ዋና ጸሐፊው ሮብ ማኩል ደግሞ በ1994 ማዕከሉን ለቅቆ ስለሄደ ፕሮግራሙ ባለቤት እንዳጣ ቤት ሆነ። ሁሉም የየራሱን ቀዳዳ በየራሱ ይደፍናል፤ አንዱ የደፈነውን ሌላው አያውቅም። በመጨረሻ ብራያን ቤለንዶርፍና ክሊፍ ስኮልኒክ ካሊፎርኒያ ውስጥ በነበረ አንድ ማሽን ላይ የኢሜይል ዝርዝር ከፈቱ፤ ስምንት ሰዎችም የሥራው ምሰሶ ሆኑ። ቢሮ የላቸውም፣ አለቃ የላቸውም፣ ከፊሎቹም በአካል አይተዋወቁም። ከዚያ ዝርዝር የወጣው ፕሮግራም አፓቼ ይባላል። እትም 1.0 በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ወጣ፤ በ1996 ደግሞ በኢንተርኔት ላይ ከሁሉም የበለጠ የሚሠራበት የድረ ገጽ ሰርቨር ለመሆን በቃ።

ይህን ታሪክ ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ማለት ኮድ፣ ማለትም የፕሮግራሙ ጽሑፍ፣ ብቻ ይመስለዋል፤ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና እንዲያሰራጨው የተፈቀደ ኮድ። ትርጉሙ ትክክል ነው። ነገር ግን ኮዱን ሕያው አድርጎ የሚያቆየው በዙሪያው ያለው ንግግር ነው፤ ማን ይጠይቃል፣ ማን ይመልሳል፣ ውሳኔው የት ይጻፋል፣ አዲስ መጪ የሚገባው በየትኛው በር ነው? በጥሩ ኮድ ተጀምረው ንግግራቸው ስለተዘበራረቀ ብቻ የተዳከሙ ፕሮጀክቶች አሉ። ስለዚህ የኢሜይል ዝርዝር አደረጃጀት የጽሕፈት ቤት ሥራ ተደርጎ መናቅ የለበትም።

የኢሜይል ዝርዝር አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የጋራ አድራሻ አለ። ወደዚያ አድራሻ የተላከ ደብዳቤ ለተመዘገቡት ሁሉ ይደርሳል፤ ቅጂው ደግሞ በማኅደር ይቀመጣል። ድሮ የአባላቱን ስም የሚያስገባውና የሚያስወጣው ሰው በእጁ ነበር። በ1986 ፓሪስ ውስጥ ተማሪ የነበረው ኤሪክ ቶማስ ይህን ሥራ ለማሽን የሚሰጥ ሊስትሰርቭ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ዛሬ በክፍት ምንጭ ዓለም በስፋት የሚታወቀው ሜይልማን የተባለው ነው፤ እሱም ራሱ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። ያልተመዘገበ ሰው የላከውን ደብዳቤ አወያዩ እስኪያየው ድረስ ያቆያል፣ ደብዳቤ የበዛበትን አባል የቀኑን ሁሉ በአንድ ጥቅል ይልክለታል፣ ማኅደሩንም በየወሩ ይከፋፍላል። ማሽኑ ይህን ሁሉ ይችላል። የማይችለው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ዝርዝር እንደሚያስፈልግና የትኛው ለማን እንደሆነ መወሰን። የሰው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጀማሪ ፕሮጀክት አንድ ዝርዝር ይበቃዋል። ሃያ ሰው ባለበት ቤት ግድግዳ መሥራት ምን ያደርጋል? ችግሩ የሚመጣው ሃያው ሁለት ሺህ ሲሆን ነው። ያኔ በአንዱ ጣሪያ ሥር የማይመሳሰሉ አንባቢዎች ይሰበሰባሉ። አንደኛው ፕሮግራሙን በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ላይ ጭኖ ረስቶታል፤ ማወቅ የሚፈልገው አዲስ እትም ሲወጣ ወይም የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ ብቻ ነው። ሌላዋ ትናንት ጭናው ዛሬ አልነሳ ብሏታል፤ መልስ የምትፈልገው አሁኑኑ ነው። ሦስተኛው ኮዱን የሚጽፈው ነው፤ አንድ ተግባር እንዴት እንደሚከፋፈል ከባልደረባው ጋር አርባ ደብዳቤ ይለዋወጣል። እነዚህን ሦስቱን በአንድ አድራሻ ብታስቀምጧቸው መጀመሪያ የሚወጣው ዝምተኛው ነው። ሰርቨሩን የረሳው ሰው በቀን ሠላሳ ደብዳቤ ሲመጣበት ምዝገባውን ይሰርዛል፤ ከዚያ በኋላ የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ሲወጣ እሱ የለም። መውጣቱን ማንም አላስተዋለም፤ የተጎዳው ግን ከሁሉ በላይ እሱ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መለያየት ሁልጊዜ ማስታወቂያውን ከወሬው መለየት ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊን አስቡት። ጥሩምባው በተሰማ ቁጥር ሰፈሩ ጆሮውን የሚያቆመው ለሌላ ጉዳይ ስለማይነፋ ነው። የማስታወቂያ ዝርዝርም እንደዚያ መሆን አለበት፤ የሚጽፍበት የተፈቀደለት ሰው ብቻ ነው፣ ደብዳቤው ጥቂት ነው፣ በመጣ ቁጥር ይነበባል። ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓተ ክወና የሚያዘጋጀው፣ በ1993 የተመሠረተው የዴቢያን ፕሮጀክት ይህን በደንብ አበጅቶታል። ዴቢያን-አናውንስ ለትላልቅ ዜናዎች ነው። ዴቢያን-ሴኪዩሪቲ-አናውንስ ለደኅንነት ማስተካከያዎች ብቻ ነው፤ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን አንዱን ቢከታተል ሥራውን ይሠራል። ኮዱን የሚጽፉት አበልጻጊዎቹም የራሳቸው ጥሩምባ አላቸው፤ ዴቢያን-ዴቬል-አናውንስ የሚባለው ዝርዝር ላይ መመዝገብ ለፕሮጀክቱ አበልጻጊ ሁሉ ግዴታ ነው። ግዴታ ማድረግ የተቻለው ደብዳቤው ትንሽ ስለሆነ ነው። ብዙ ደብዳቤ የሚፈስበትን ዝርዝር ግዴታ አድርጌዋለሁ የሚል ፕሮጀክት ራሱን ያታልላል፤ ሰዎቹ ይመዘገባሉ እንጂ አያነቡትም።

ሁለተኛው መለያየት፣ ማለትም ተጠቃሚዎችን ከአበልጻጊዎች መለየቱ፣ ከዚህ የከበደ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም በዚህ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጀማሪዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ስትልክ በዙሪያዋ የሚነገረው ቋንቋ ካስፈራት ተመልሳ አትመጣም። አበልጻጊውም አንዱን ጥያቄ መቶ ጊዜ ካነበበ ይሰለቻል፤ የተሰላቸ ሰው ደግሞ ክፉ መልስ ይጽፋል። ነገር ግን ዝርዝሩ በተለየ ማግሥት አንድ አደጋ ይመጣል። አበልጻጊዎቹ ወደየራሳቸው ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ፣ የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ጥያቄ ብቻ የሞላበት፣ መልስ የሌለበት አዳራሽ ይሆናል። ማንኛውም ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቆ ካልተመለሰለት ሦስተኛ አይጠይቅም። በዚያ ላይ አበልጻጊዎቹ ፕሮግራማቸው የት የት እንደሚያስቸግር የሚሰሙበትን ጆሮ ያጣሉ። አፓቼንና ሌሎች ፕሮጀክቶችን የሚያስተዳድረው የአፓቼ ፋውንዴሽን ወደ እሱ ለሚገቡ አዳዲስ ፕሮጀክቶች የተጠቃሚ ዝርዝር ለመክፈት እንዳይቸኩሉ የሚመክረው ለዚህ ነው። ማኅበረሰቡ ገና ትንሽ ሳለ መከፋፈል ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው።

እኔ የምይዘው ሚዛን ይህ ነው፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከመከፈቱ በፊት ከአበልጻጊዎቹ ቢያንስ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ እንደሚያነቡት ስማቸውን ጠቅሰው ቃል ይግቡ። ቃል የሚገባ ካልተገኘ አይከፈት። የሚመልሱት እነሱ ብቻ መሆን አለባቸው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የተጠቃሚ ዝርዝር ያማረበት ምልክት ከዓመት በፊት ጠያቂ የነበረው ዛሬ መላሽ ሆኖ መገኘቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያለፈበት መንገድ ገና ከአእምሮው ስላልጠፋ ከባለሙያው የተሻለ ያስረዳል። ነገር ግን የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ የሚያርም አንድ አዋቂ በክፍሉ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

ከዚህ ወዲያ መከፋፈሉን በፕሮግራሙ የውስጥ ብልቶች ልክ የሚቀጥሉ አሉ፤ አንድ ዝርዝር ለማተሚያ፣ አንድ ለኔትወርክ፣ አንድ ለስክሪን፣ አንድ ለአጫጫን። ለአበልጻጊዎች ይህ ይጠቅማል። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ፕሮጀክት በዋናው ዝርዝሩ ላይ በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ስለሚመጡበት ለየንዑስ ክፍሉ የተለየ ዝርዝር አለው፤ ሜንቴይነርስ በሚባል ፋይል ውስጥም የትኛው የኮድ ክፍል የማን እንደሆነና ማስተካከያው ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚላክ ተጽፏል። ለተጠቃሚ ግን ይህ አከፋፈል ወጥመድ ነው። ተጠቃሚ የሚያውቀው ሕመሙን ነው፤ የሕመሙን መነሻ አያውቅም። «ማተሚያዬ አያትምም» የሚል ሰው ጥፋቱ ከከርነሉ ይሁን፣ ከማተሚያው አገልግሎት ይሁን፣ ከገመዱ ይሁን በምን ያውቃል? ሐኪም ቤት የሄደ በሽተኛ የኩላሊት ክፍል ልግባ ወይስ የጉበት ብሎ እንዲመርጥ አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ካርድ አውጥቶ የሚያየው ሰው ጋ ይቀርባል። ዴቢያን በርካታ የሙያ ዝርዝሮች እያሉት ለተጠቃሚው የከፈተው ዋና በር አንድ ነው፤ ዴቢያን-ዩዘር። ማተሚያውም፣ ድምፁም፣ ገመድ አልባ ኢንተርኔቱም በዚያ ይጠየቃል።

ለተጠቃሚ የሚጠቅመው መለያየት በቋንቋ የሚደረገው ነው። ዴቢያን በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽ፣ በጀርመንኛ፣ በፖርቱጋልኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የተጠቃሚ ዝርዝሮች አሉት። ሰው ችግሩን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲናገር የሚጨምራት አንዲት ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ የመፍትሔው ቁልፍ ናት። ለእኛም ነገሩ ቅርብ ነው። በ1990ዎቹ ኢሜይል የሚሸከመው የላቲን ፊደልን ብቻ በነበረበት ጊዜ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» (SERA) የተባለ ሥርዓት አዘጋጁ፤ ግዕዝን በላቲን ፊደል አድርጎ በኢሜይል ለመላክ። ትንሿና ትልቋ የላቲን ፊደል ለየቅል ድምፅ ተሰጡ፤ ትንሿ ለ«ት» ከሆነች ትልቋ ለ«ጥ» ሆነች። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ለዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ እትም 3.0 ውስጥ ሲገባ ያ ጭንቅ ተቃለለ። ዛሬ ሙሉ በሙሉ በአማርኛ የተጻፈ ጥያቄ በማንኛውም ዝርዝር ላይ ሳይበላሽ ያልፋል። ቋንቋን መሠረት አድርጎ ለሚከፈት ዝርዝር ግን አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል፤ በሁለቱም በኩል የሚያነብ አሻጋሪ። በአማርኛ የተገኘች ሳንካ (የፕሮግራም ስሕተት) በእንግሊዝኛ ወደ አበልጻጊዎቹ ካልተሻገረች አትታረምም፤ ሰዎቹም በራሳቸው ቋንቋ እየተጽናኑ በተሰበረ ፕሮግራም ይኖራሉ።

ማኅደሩ በእኔ እምነት ከዝርዝሩ ራሱ ይበልጣል። በአፓቼ ሰዎች ዘንድ የታወቀ አባባል አለ፤ በዝርዝሩ ላይ ያልሆነ ነገር አልሆነም ይላሉ። ሁለት አበልጻጊዎች ቡና ቤት ተገናኝተው ቢስማሙ መልካም ነው፣ ነገር ግን ስምምነቱ በዝርዝሩ ላይ ቀርቦ ሌሎቹ እስኪያዩት ድረስ ውሳኔ አይሆንም። ድምፅ የሚሰጠውም በዚያው ነው። የሚደግፍ ፕላስ አንድ፣ የሚቃወም ማይነስ አንድ ብሎ ይጽፋል፤ የኮድ ለውጥን የሚቃወም ደግሞ ሙያዊ ምክንያቱን ማስረዳት አለበት። ድምፁ በተለምዶ ቢያንስ ለ72 ሰዓታት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለምን 72? ምክንያቱም አንዱ ሲነቃ ሌላው ይተኛል፤ አንዱ ቀን የሚሠራው ለእንጀራው ነው፣ ለፕሮጀክቱ የሚደርሰው ማታ ነው። ሦስት ቀን ማለት በዓለም ዙሪያ ያለ በጎ ፈቃደኛ ሁሉ ደብዳቤውን የሚከፍትበት ዕድል ያገኛል ማለት ነው። ፈጣን ጭውውት የሚያሳጣን ይህን ነው። በጭውውት ላይ የሚወስነው በዚያች ሰዓት ስልኩን በእጁ የያዘ ሰው ነው።

በሀገራችን ያሉ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ውይይት በአብዛኛው የሚካሄደው በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ነው። ቴሌግራም ርካሽ ነው፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ ሁሉም ሰው ጋ አለ። ይህን አልነቅፍም። የሚያሳዝነኝ በዚያ የሚቀበረው እውቀት ነው። አንዲት ልጅ የግዕዝ ፊደል በአንድ ፕሮግራም ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ የሚታይበትን ምክንያት አግኝታ በቡድኑ ውስጥ በደንብ አብራርታ ትጽፋለች። ከሳምንት በኋላ ጽሑፏ በሺህ መልእክቶች ሥር ነው። በጎግል ቢፈለግ በዚያ ቡድን የተባለው አይወጣም፤ ቡድኑ ውስጥ የሌለ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ ቀጣዩ ጠያቂ ከዜሮ ይጀምራል፣ ልጅቷም ለአሥረኛ ጊዜ ትመልሳለች ወይም ዝም ትላለች። በክፍት ማኅደር ውስጥ ያለ መልስ ግን ከሃያ ዓመት በኋላም ይገኛል፤ የሊኑክስ ከርነል የድሮ ደብዳቤዎችን ዛሬም ማንም ሰው ሳይመዘገብ ማንበብ ይችላል። በቴሌግራም መነጋገሩ ይቀጥል፤ ነገር ግን ቡድኑ መፍትሔ ባገኘ ቁጥር አንድ ሰው ጥያቄውንና መልሱን ወደ ክፍት ቦታ አውጥቶ ይጻፈው።

ሁሉም ነገር ግን በአደባባይ አይባልም። የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰው ለተጠቃሚዎች ዝርዝር ቢጽፍ ማስተካከያው ሳይደርስ አጥቂው ይሰማል። ለዚህ የተዘጋ አድራሻ ያስፈልጋል፤ ጥቂት የታመኑ ሰዎች የሚያነቡት። በማርች 2024 የሆነው ይህን በጉልህ ያሳያል። የማይክሮሶፍት ባልደረባና ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር አበልጻጊ የሆነው አንድሬስ ፍሮይንድ ወደ ኮምፒውተሩ ከርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አየ። ነገሩን ንቆ አልተወውም። ሲከታተለው ኤክስዚ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የጓሮ በር፣ ማለትም ለአጥቂ የተተወ ስውር መግቢያ፣ አገኘ። መጀመሪያ በዝግ አድራሻ ለዴቢያን የደኅንነት ቡድንና ሊኑክስን አዘጋጅተው ለተጠቃሚ ለሚያደርሱ አከፋፋዮች አሳወቀ፤ ማርች 29 ቀን ደግሞ ኦኤስኤስ-ሴኪዩሪቲ በሚባለው ክፍት ዝርዝር ላይ ሙሉውን ጻፈ። አከፋፋዮቹ የሚነጋገሩበት ዝግ ዝርዝር የራሱ ሕግ አለው፤ ምስጢር ሊያዝ የሚችለው ቢበዛ ለ14 ቀናት ነው። ይህ ገደብ ባይኖር ዝግ ክፍል ቀስ በቀስ የእውነተኛ ውሳኔዎች መኖሪያ ይሆናል፣ ክፍቱ ደግሞ ለታይታ ይቀራል።

የዚያው ታሪክ ሌላው ገጽታ ልብ ይሰብራል። በ2022 በኤክስዚ የአበልጻጊዎች ዝርዝር ላይ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ስሞች ብቅ ብለው ፕሮጀክቱን ለብቻው የተሸከመውን በጎ ፈቃደኛ «ሥራው ዘገየ፣ ለሌላ ልቀቀው» እያሉ ይወተውቱት ነበር። ሰውየው የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበትና ይህ ሥራ ክፍያ የሌለው መሆኑን በትሕትና ገልጾ ነበር። የጓሮ በሩን ያስገባው አካል ሥልጣን ያገኘው ከዚያ ግፊት በኋላ ነው፤ ጉዳዩን የመረመሩ ብዙዎች ወትዋቾቹ የሐሰት ስሞች እንደነበሩ ያምናሉ። በዚያ ዝርዝር ላይ አንድ አወያይ ተነሥቶ «በነጻ የሚያገለግለንን ሰው እንዲህ አንናገርም» ቢል ኖሮ የሚለው ጥያቄ ከአእምሮዬ አይወጣም። አወያይ ሲባል ብዙዎች የማስታወቂያ ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። ትልቁ ሥራው ግን የደከመውን ሰው መጠበቅ ነው።

ዝርዝር ለሚከፍት ሰው ሳይነገር የማይታለፍ አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ አለ። የኢሜይል ዝርዝር በባሕርዩ የሌላን ሰው ደብዳቤ በራሱ በኩል ያስተላልፋል። በኤፕሪል 2014 ያሁና ኤኦኤል የሐሰት ደብዳቤን ለመከላከል ሲሉ በስማቸው መጥቶ ከራሳቸው ሰርቨር መነሣቱ ያልተረጋገጠ ደብዳቤ ሁሉ እንዲመለስ መመሪያ አወጡ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ሆኖም የያሁ አድራሻ ያለው አባል ለዝርዝሩ ሲጽፍ የሌሎቹ አባላት የኢሜይል አገልግሎት ደብዳቤውን መመለስ ጀመረ። የዝርዝሩ ማሽን ደግሞ ደብዳቤ የሚመለስበትን አባል አድራሻው የሞተ መስሎት ይሰርዘዋል። እንዲህ ሆኖ ምንም ያልበደሉ ሰዎች ከዝርዝር ወጡ። ዛሬ ሜይልማን ላኪውን «እገሌ በዝርዝሩ በኩል» ብሎ በመቀየር ችግሩን ያልፈዋል፤ ይህ ቅንብር ሥራ ላይ መዋሉን ከመጀመሪያው ማረጋገጥ ይገባል። ከ2024 ወዲህ ጂሜይልና ያሁ በብዛት በሚልኩ ላይ ደንቡን ይበልጥ አጥብቀዋል። የራሱን የኢሜይል ሰርቨር ማስተዳደር የማይችል ትንሽ ፕሮጀክት ይህን አገልግሎት ከሚሰጥ ድርጅት ጋር ቢጠጋ ይሻለዋል።

ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። ርዕሱ «እርዱኝ» ከሚሆን የፕሮግራሙን ስም፣ እትሙንና የታየውን ስሕተት ይያዝ። አዲስ ጥያቄ በአሮጌ ደብዳቤ ላይ «መልስ» ተብሎ አይጻፍ፤ የውይይቱ ሰንሰለት ይዘበራረቃል። መልሱ በግል ሳይሆን ወደ ዝርዝሩ ይላክ። ችግሩ የተፈታለትም ሰው እንዴት እንደተፈታ አንድ መስመር ጽፎ ይሰናበት፤ ከዓመታት በኋላ በዚያው ችግር ሌሊቱን የሚያድር ሰው የሚፈልገው ያችን አንዲት መስመር ነው።

ዝርዝር ሊዘጋም ይችላል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አበልጻጊዎች ለብዙ ዓመታት የተከራከሩበትን ፓይተን-ዴቭ የተባለውን ዝርዝር ትተው በ2022 ወደ ድረ ገጽ ውይይት ተዛውረዋል፤ በአሳሽ መነጋገርን የለመደ ትውልድ ስለመጣ ይህ አያስገርምም። አዘጋጉ ግን ወግ አለው። አባላቱ ቀደም ብለው ይነገራቸዋል፤ የመጨረሻው ደብዳቤ ውይይቱ ወዴት እንደሄደ ይናገራል፤ ወደ ድሮው አድራሻ የሚጽፍ ሰው ዝም አይባልም፣ አዲሱ ቦታ የት እንደሆነ የሚነግር ምላሽ ይደርሰዋል። ማኅደሩ በነበረበት አድራሻ ይቆያል። የፓይተን-ዴቭ የድሮ ደብዳቤዎች ዛሬም በየወሩ ተደርድረው ይነበባሉ።